ከሥሩ ማን ነበረ?

ባለፈው ጥቅምት፣ ለትምህርት ወደ አሜሪካ የሄደ አንድ ወንድማችን በወጣቶች ኅብረታችን የቴሌግራም ገጽ ላይ ፎቶ ላከ። ከጥቁር ድንጋይ የተሠራ፣ የሰው ቁመት እጥፍ የሚሆን ሐውልት አጠገብ ቆሞ፣ ሁለት ጣቱን አንሥቶ ፈገግ ብሏል። «የዓለም የመጀመሪያው አቶሚክ ቦምብ የፈነዳበት ቦታ ላይ ነኝ። ስሙ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሥላሴ!» ብሎም ጽፎበታል። ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ አስተያየቱ ተደራረበ። የእሳት ምልክት የለጠፈ አለ። «ለእኔም ድንጋይ አምጣልኝ» ያለች አለች። አንድ አገልጋይ ደግሞ «ይሄ ምኑ ይገርማል! በእኛ ውስጥ ያለው ኃይል ከዚህ ይበልጣል፤ አሜን በሉ!» ብሎ ጻፈ። 47 ሰው አሜን አለ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢሆን ኖሮ 48ኛው እኔ ነበርኩ። እንዲያውም ከዚያ የባሰ አድርጌአለሁ። በአንድ የወጣቶች ኮንፈረንስ ላይ ሮሜ 1፥16ን ስሰብክ፣ «ኃይል የሚለው ቃል በግሪኩ ዱናሚስ ነው፤ ዲናማይት የሚለው ቃል የመጣው ከዚያ ነው። እኔ ግን እላችኋለሁ፣ ዲናማይት ለእርሱ ያንሰዋል፤ ወንጌል አቶሚክ ቦምብ ነው!» አልኩ። ጉባኤው ከወንበሩ ተነሥቶ ጮኸ። ከመድረክ ስወርድ በዕድሜ የገፉ አንድ አባት እጄን ያዝ አደረጉና «ልጄ፣ ያ ቦምብ ሲፈነዳ ከሥሩ ማን ነበረ?» አሉኝ። «ሂሮሺማ የሚባል ከተማ…» ብዬ ጀመርኩ። «ከተማውን አልጠየቅሁህም፤ ሰውየውን ነው» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የእኚህ ሰው አባት ማይጨው ዘምተው፣ ከሰማይ የረጨባቸው የጣልያን መርዝ ገላቸውን አቃጥሎት የተመለሱ መሆናቸውን የሰማሁት በኋላ ነው።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚያ ጥያቄ ምክንያት ነው። ሐውልቱ ጋ ፎቶ ከተነሣው ወንድማችን ጋር ጠብ የለኝም፤ ብዙዎቻችን በፊልም ብቻ ያየነውን ቦታ ለማየት ደክሞ ሄዷል። ጠቤ ከ47ቱ አሜንና ከራሴ የዚያን ቀን ስብከት ጋር ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ሄዶ ኃይሉን አይቶ የሚመለስ፣ ከሥሩ የነበረውን ሰው ግን የማይጠይቅ ክርስቲያን፣ ቦታውን ጎብኝቷል እንጂ አላስታወሰም እላለሁ። ለኃይል የሚጮኽና ሰው የማይቆጥር ልብም ወንጌሉን ገና አልተማረም።

የሆነው ነገር

ቀኑ ሐምሌ 9 ቀን 1937 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁላይ 16 ቀን 1945። ቦታው በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ ስፔናውያን ተጓዦች «ሆርናዳ ዴል ሙኤርቶ»፣ የሙት ሰው ጉዞ ብለው የሰየሙት በረሃ ነው። ሌሊቱን ዝናብና መብረቅ ስለነበረ ሙከራው ዘገየ። ሊነጋጋ ሲል፣ 11 ሰዓት ከ29 ደቂቃ ላይ፣ 30 ሜትር ከፍታ ባለው የብረት ማማ ላይ የተቀመጠው የፕሉቶኒየም ቦምብ ፈነዳ። ኃይሉ ከ20,000 ቶን ቲኤንቲ በላይ ነበር። ማማው ተነነ። አሸዋው ቀልጦ አረንጓዴ መስተዋት ሆነ፤ ይህንኑ መስተዋት ዛሬ ትሪኒታይት ይሉታል። 190 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ሲልቨር ሲቲ የቤት መስኮቶች ተሰበሩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሐምሌ 30፣ የዩራኒየም ቦምብ ሂሮሺማ ላይ ተጣለ። ነሐሴ 3 ቀን ናጋሳኪ ላይ የተጣለው ደግሞ በዚያ በረሃ የተሞከረው ዓይነት የፕሉቶኒየም ቦምብ ነው። ዓመቱ ሳያልቅ በሂሮሺማ 140,000 ገደማ፣ በናጋሳኪ ደግሞ 70,000 ገደማ ሰው ሞቷል።

የሙከራው ቦታ እስከ ዛሬ በጦር ሠራዊት የሚሳይል መሞከሪያ ክልል ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ብሔራዊ ታሪካዊ ቦታ ተብሎ ተሰየመ፤ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሠራው ሐውልትም በዚያው ዓመት ቆመ። ለሕዝብ የሚከፈተው በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ስለሆነ በዚያ ቀን መኪናው ይሰለፋል። ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ይመጣል። ናጋሳኪ ላይ የተጣለውን ቦምብ የሚመስል ቀፎ በመኪና ላይ ተጭኖ ይታያል፤ ሰውም አጠገቡ ፎቶ ይነሣል። ምግብና የማስታወሻ ዕቃ ይሸጣል። በአንድ ሰዓት ጉብኝት የሚያገኘው ጨረር ጥቂት ስለሆነ ጎብኚውን አያሰጋውም። አረንጓዴውን መስተዋት አንሥቶ መሄድ ግን በሕግ የተከለከለ ነው፤ ድንጋይ ያዘዘችው እኅታችን ይህን ትወቅልኝ።

ሐውልቱ ላይ የተለጠፈው የብረት ጽሑፍ የሚናገረው የዓለም የመጀመሪያው የኒውክሌር መሣሪያ እዚህ መፈንዳቱንና ቀኑን ነው። የአንድም ሰው ጉዳት አልተጻፈበትም።

ስለ ስሙ

የቦታው ስም «ትሪኒቲ» ነው፤ እውነትም ሥላሴ ማለት ነው። ስሙን ያወጣው የሎስ አላሞስ ላቦራቶሪ ኃላፊ የነበረው ሮበርት ኦፐንሃይመር ነው። ከዓመታት በኋላ ሲጠየቅ ምክንያቱ ለራሱም ግልጽ እንዳልሆነ፣ ያን ጊዜ ግን የጆን ደን ግጥሞች በአእምሮው እንደነበሩ ጽፏል። ጆን ደን ከ400 ዓመት ገደማ በፊት የኖረ እንግሊዛዊ ገጣሚና ቄስ ነው። ከግጥሞቹ አንዱ ጸሎት ነው፤ ኃጢአተኛ ሰው ሥሉስ አምላክ በኃይሉ መጥቶ እልኸኛ ልቡን እንዲሰብርለትና አዲስ አድርጎ እንዲሠራው ይማጸናል።

እንግዲህ አስቡት። አንድ ቄስ ለገዛ ልቡ መሰበር የጸለየው ጸሎት የሰው ከተማ ለሚሰብር መሣሪያ የስም ምንጭ ሆነ። ኦፐንሃይመር ክርስቲያን አልነበረም፤ በእርሱ አልፈርድም። የምገረመው በእኛ ነው። የአምላካችን ስም ሞት ላይ ተጽፎ ስናይ «ስሙን ታውቃላችሁ?» ብለን ደስ አለን። በዘጸአት 20 የእግዚአብሔርን ስም በከንቱ እንዳናነሣ የታዘዝነው እኛ ነን እንጂ ሳይንቲስቱ አይደለም።

ሌላም መገጣጠም አለ። በአገራችን ኦርቶዶክሳውያን ጎረቤቶቻችን የሥላሴን በዓል የሚያከብሩት ሐምሌ 7 ቀን፣ ሙከራው ከተደረገበት ቀን ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ነው። እግዚአብሔር በመምሬ በአብርሃም ድንኳን በእንግድነት የተገኘበትን ዘፍጥረት 18ን ያስባሉ። ከቀኑ ትንቢት አላወጣም። ነገር ግን ያንን ምዕራፍ እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ስለዚህ በረሃ የሚናገረው አያጣም፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ነፋሱ ወዴት ነፈሰ?

በረሃ ሲባል ሰው የሌለበት ቦታ ይመስለናል። በ2023 የወጣውንና ብዙዎቻችሁ ያያችሁትን «ኦፐንሃይመር» የተባለውን ፊልም አስታውሱ። ሙከራው ላይ ሳይንቲስቶች፣ ወታደሮች፣ ጥቁር መነጽርና ብርሃን አያችሁ። የአካባቢውን ገበሬ ግን አላያችሁም፤ በፊልሙ ውስጥ የለም።

እውነቱ ግን ከፍንዳታው ቦታ በ240 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰው ይኖር ነበር። ከብት አርቢዎች የነበሩት ከ20 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ላይ ነው። ስፓኒሽ ተናጋሪ ገበሬዎች ነበሩ፤ የሜስካሌሮ አፓቺ ነገድ ሰዎች ነበሩ። አስቀድሞ የተነገረው የለም። በኋላም ከቤቱ እንዲነሣ የተደረገ የለም። ከሰማይ የወረደው አመድ ለቀናት በማሳቸው፣ በልብስ ማስጫቸው፣ በጣሪያቸው ላይ ወደቀ። የጣሪያ ዝናብ አጠራቅመው የሚጠጡ፣ የላማቸውን ወተት የሚጠጡ፣ የጓሮአቸውን አትክልት የሚበሉ ሰዎች ነበሩ። ሩዊዶሶ አካባቢ ለዳንስ ትምህርት ሰፍረው የነበሩ ልጃገረዶች አመዱን በረዶ መስሏቸው ፊታቸው ላይ እየቀቡ ተጫወቱበት። በሐምሌ ወር የሚሞቅ በረዶ! ከመካከላቸው አንዷ፣ ያን ጊዜ የ13 ዓመት ልጅ የነበረች፣ በእርጅናዋ ይህን መስክራለች።

ሕዝቡ ፍንዳታውን ሲጠይቅ ሠራዊቱ «ራቅ ያለ የጥይት መጋዘን ፈንድቶ ነው፤ የሞተም የተጎዳም የለም» ብሎ በጋዜጣ አስነገረ። እውነቱ የታወቀው ሂሮሺማ ከተቃጠለች በኋላ ነው።

አሁን የምነግራችሁን በደንብ ስሙ። ከሙከራው በኋላ የአንዳንድ ከብቶች ጠጕር በጀርባቸው ላይ ነጣ። ሠራዊቱ ከእነዚህ ከብቶች ብዙዎቹን ከባለቤቶቻቸው ገዝቶ ለጥናት ወሰዳቸው። ከብቶቹ ተመረመሩ። አመዱን ፊታቸው ላይ የቀቡትን ልጆች ግን የመረመረ አልነበረም። በአካባቢው ሕዝብ ላይ የደረሰውን የጨረር መጠን የገመተ ሰፊ ጥናት፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ጥናት፣ የታተመው በ2020 ነው፤ ከ75 ዓመት በኋላ። በጊዜው በቂ ልኬት ስላልተደረገ ዛሬ ስንት ሰው በዚያ ምክንያት እንደታመመ በትክክል መቁጠር አስቸጋሪ ነው። ቤተሰቦቹ ግን የራሳቸውን ይቆጥራሉ፤ አያት፣ እናት፣ ወንድም፣ ልጅ።

በዮናስ መጽሐፍ የመጨረሻ ቁጥር ላይ እግዚአብሔር ለዮናስ ስለ ነነዌ ምን እንዳለው ታስታውሳላችሁ። ቀኛቸውን ከግራቸው የማይለዩ ከ120,000 የሚበልጡ ሰዎች ያሉባት፣ ብዙ እንስሳትም ያሉባት ከተማ ናትና አላዝንላትም ወይ ብሎ ጠየቀው። እግዚአብሔር ሁለቱንም ቆጠረ። የበረሃው ሰዎች ከብቱን ቆጥረው ልጁን ተዉት።

የአሜሪካ ምክር ቤት በ1990 በኒውክሌር ሙከራ ለተጎዱ ሰዎች የካሣ ሕግ ሲያወጣ፣ በኔቫዳ ሙከራዎች አካባቢ የነበሩትን አካተተ። የመጀመሪያው ቦምብ የፈነዳበት የኒው ሜክሲኮ ሕዝብ ግን አልገባም። በ2005 የቱላሮሳ ሸለቆ ተጎጂዎች ማኅበር ተቋቋመ። ከመሥራቾቹ አንዷ ቲና ኮርዶቫ፣ ራሷም ከካንሰር የተረፈች፣ ከማኅበሯ ጋር 20 ዓመት ደጅ ጠናች። ሕዝቡ በካሣው ውስጥ የገባው በጁላይ 2025 ነው፤ 80 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት። በዚህ መካከል ስንቱ ተቀብሯል!

እነዚህ ሰዎች በየዓመቱ ጁላይ ላይ ቱላሮሳ ከተማ ይሰበሰባሉ። በወረቀት ከረጢት ውስጥ ሻማ ያበራሉ፤ የሞቱባቸውን ሰዎች ስም አንድ በአንድ ያነባሉ። የሙከራው ቦታ ለጎብኚ በሚከፈትበት ቀንም ጽሑፍ ይዘው መንገድ ዳር የቆሙበት ጊዜ አለ። ጎብኚው በመኪናው መስኮት እያያቸው ወደ ሐውልቱ ያልፋል። ማስታወስ ማለት ለእኔ የእነዚህ የመንገድ ዳር ሰዎች ሥራ ነው።

የሚሉኝን ልመልስ

ይህን በኅብረታችን ሳነሣ ሦስት መልስ ሰምቻለሁ። ሦስቱንም በአክብሮት እመልሳለሁ፤ ሁሉም የዋዛ አይደሉምና።

አንደኛው፣ «ቦምቡ ጦርነቱን አሳጥሮ የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል» የሚል ነው። የጃፓን ሠራዊት በቻይና፣ በኮሪያና በሌሎች የእስያ አገሮች ያደረሰውን ግፍ አልክድም፤ በእርሱ ቀንበር ሥር የነበረ ሕዝብ የጦርነቱን ማብቃት በእልልታ መቀበሉም ይገባኛል። ቦምቡ ጦርነቱን ለማሳጠር ያደረገውን የታሪክ ሊቃውንት ዛሬም ይከራከሩበታል። ክርክሩን እናንተ አሸነፋችሁ እንበል። የቱላሮሳ እረኛ ከማን ጋር ነበር የተዋጋው? ለማን ሕይወት መትረፍ ነው ሳይጠየቅ የተሰዋው? ደግሞም በጊዜው ቦምቡን ከሠሩት መካከል የተጨነቁ ነበሩ። ጆሴፍ ሮትብላት የተባለው የፊዚክስ ሊቅ ጀርመን ቦምቡን እንደማትሠራ ሲታወቅ በ1944 መጨረሻ ሥራውን ትቶ ወጣ። ከሙከራው ማግሥት 70 ሳይንቲስቶች፣ ጃፓን አስቀድማ ሳይነገራትና እጅ የመስጠት ዕድል ሳታገኝ ቦምቡ እንዳይጣል የሚለምን አቤቱታ ፈረሙ። አቤቱታው ፕሬዚዳንት ትሩማን እጅ አልደረሰም።

በዚያው ጊዜ አገልጋዮች የት ነበሩ? ወደ ሂሮሺማ የሚበርረው ቡድን ከመነሣቱ በፊት አንድ የሉተራን ቄስ ጸለየለት። የዚያው ክፍል የካቶሊክ ቄስ የነበረው ጆርጅ ዛቤልካ በወቅቱ ዝም አለ፤ ከዓመታት በኋላ ግን ዝምታው ኃጢአት እንደነበረ በአደባባይ ተናዝዞ ጃፓን ድረስ ሄዶ ይቅርታ ለመነ። ከሥሩ ማን እንደነበረ ያወቀው ዘግይቶ ነው። ናጋሳኪ ላይ ቦምቡ የፈነዳው ከኡራካሚ ካቴድራል 500 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ነው። የኡራካሚ ምእመናን አባቶቻቸው ከ200 ዓመት በላይ በስደት ተደብቀው እምነታቸውን የጠበቁ ሰዎች ናቸው። በዚያ ሰበካ ከነበሩት 12,000 ያህል ክርስቲያኖች 8,500 ያህሉ እንደሞቱ ይነገራል። በአንድ በኩል ክርስቲያን ጸልዮ ላከ፣ በሌላ በኩል ክርስቲያን ሲጸልይ ወረደበት። የክርስቲያን ነፍስ ከሌላው ትበልጣለች ማለቴ አይደለም። «የእኛ ኃይል» ብለን የምንጮኽለት ነገር በማን ላይ እንደሚወርድ አለማየታችንን ማሳየቴ ነው። እውነት ለመናገር ሁሉም ዝም አላለም። በማርች 1946 በአሜሪካ አብያተ ክርስቲያናት ፌዴራል ካውንስል የተሰየሙ የነገረ መለኮት መምህራን፣ የገዛ አገራቸው በሂሮሺማና በናጋሳኪ ያደረገችውን ኃጢአት ነው ብለው ጻፉ። እንዲህ ያለ መድረክም ነበረ።

ሁለተኛው መልስ፣ «ትንቢት ነው፤ በ2ኛ ጴጥሮስ 3 ፍጥረት በታላቅ ትኩሳት እንደሚቀልጥ ተጽፏል፤ ምን ያስለቅሳል?» የሚል ነው። ምዕራፉን አታቋርጡት። ጴጥሮስ ስለ እሳቱ ከተናገረ በኋላ ወዲያው ያነሣው ጥያቄ እኛ በቅዱስ ኑሮ እንዴት ልንሆን ይገባናል የሚል ነው። የምንጠብቀውም ጽድቅ የሚኖርበትን አዲስ ሰማይና አዲስ ምድር ነው። ያ ቀን የጌታ ነው፤ እሳቱን ለሎስ አላሞስ አላስረከበም። ያዕቆብና ዮሐንስ በሉቃስ 9 አንዲት የሳምራውያን መንደር ላይ እሳት ከሰማይ እናውርድ ብለው ጠየቁ። ጥቅስም ነበራቸው፤ ኤልያስ አድርጎታልና። ጌታ ግን ዞሮ ገሠጻቸው፤ ከዚያም ወደ ሌላ መንደር ሄዱ። የእሳት ጥቅስ ይዞ ወደ ጌታ የቀረበ ደቀ መዝሙር ያገኘው ተግሣጽ ነው።

ሦስተኛው መልስ፣ «የአሜሪካና የጃፓን ጉዳይ ነው፤ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ነው። ይህ ይበልጥ ያሳዝነኛል። ለቦምቡ ፕሮጀክት ከዋለው ዩራኒየም አብዛኛው የተቆፈረው በአፍሪካ ነው፤ ያን ጊዜ የቤልጂየም ቅኝ ግዛት በነበረችው ኮንጎ፣ ሺንኮሎብዌ ከተባለ ማዕድን። የዚያ ማዕድን ቆፋሪዎች በትሪኒቲ ሐውልት ላይ አልተጻፉም። ደግሞ እኛ ራሳችን ከሰማይ የሚወርድ ሞት ምን እንደሆነ ከሂሮሺማ ዘጠኝ ዓመት በፊት የቀመስን ሕዝብ ነን። ኢጣልያ የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925 የጄኔቫ ስምምነት ፈርማ ሳለ፣ በአውሮፕላን ሰናፍጭ ጋዝ ረጨችብን። ንጉሠ ነገሥቱ በጁን 1936 ጄኔቫ ላይ ቆመው ይህን ለዓለም ተናገሩ። የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር በይፋ ያመነው በ1996 ነው፤ ከ60 ዓመት በኋላ። ከቱላሮሳ ሕዝብ ጋር አንድ ታሪክ አለን። የተደረገብንን «አልተደረገም» ተብለናል።

ምናልባት በዚህ ምክንያት ይሆናል፣ በኖቬምበር 1961 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በኒውክሌር መሣሪያ መጠቀም በሰው ልጅና በሥልጣኔ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው የሚለውን ውሳኔ ሲያሳልፍ፣ ሐሳቡን ይዛ በግንባር የቆመችው ኢትዮጵያ ነበረች። ውሳኔው በ55 ድጋፍ፣ በ20 ተቃውሞና በ26 ድምፀ ተዓቅቦ አለፈ። አያቶቻችን ከሥሩ ስለነበሩ ከሥሩ ላለው ተናገሩ። የልጅ ልጆቻቸው የእሳት ምልክት እንለጥፋለን።

ቅር ቢላችሁም አንድ ነገር ልጨምር። በቅርቡ በገዛ አገራችን በተደረገው ጦርነት፣ ከሰማይ እሳት ሲወርድ የሚያሳይ ቪዲዮ ሲሠራጭ «ጌታ ይመስገን» እያለ ያጋራ ጣት ከኅብረቶቻችን አልጠፋም። በየትኛውም ወገን። ያን ጊዜም ከሥሩ ማን እንደነበረ አልጠየቅንም። ልባችን ይህን የተለማመደው አንድ ቀን አይደለም፤ ከመድረክ እኛ አስተማሪዎቹ አሠልጥነነዋል።

ሁለት ዓይነት ማየት

ወደ ዘፍጥረት 18 ልመለስ። እንግዶቹ ከአብርሃም ቤት በልተው ሲነሡ ፊታቸውን ወደ ሰዶም አቀኑ። አብርሃም ሰዶም ልትጠፋ መሆኑን ሲሰማ በእግዚአብሔር ፊት ቆመ፤ ከ50 ጻድቃን ጀምሮ እስከ 10 እየቀነሰ ለመነ። ሰዶም የእርሱ ከተማ አልነበረችም። ሕዝቧም ክፉ ነበረ። እርሱ ግን ቆጠረ፤ በዚያ ከተማ ውስጥ ያሉትን ሰዎች አንድ በአንድ እንደሚፈልግ ሰው ቆጠረ።

እሳቱ ከወረደ በኋላ ሁለት ሰዎች ወደ ሰዶም ተመለከቱ። አንዷ የሎጥ ሚስት ናት፤ እንዳትዞር ተነግሯት ዞረች፤ የጨው ሐውልት ሆና ቀረች። ጌታ ራሱ በሉቃስ 17 እርስዋን አስቡ ብሏል። ሁለተኛው አብርሃም ነው። ዘፍጥረት 19 እንደሚለው ማልዶ ተነሣ፣ በእግዚአብሔር ፊት ቆሞ ወደነበረበት ወደዚያው ስፍራ ሄደ፣ ወደ ሰዶም ተመለከተ፤ የአገሩም ጢስ እንደ እቶን ጢስ ሲወጣ አየ። ቃሉ የአብርሃምን ማየት አይነቅፍም። የለመነበት ቦታ ላይ ቆሞ ነው ያየው። ለሰዎቹ ነፍስ የተማጸነ ሰው ጢሱን ሲያይ ምን እንደሚሰማው ለማወቅ አስተያየት መጻፍ አያስፈልግም።

ወደ ትሪኒቲም ሆነ ወደሌላ የሞት ቦታ የምትሄዱ እንደ አብርሃም ሂዱ የምለው ለዚህ ነው። ለለመናችሁለት ሰው ሂዱ። ያለዚያ ሐውልት ሆኖ መቅረት አለ፤ ልቡ ደርቆ በፎቶ ውስጥ ፈገግ ያለ ሐውልት።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ እኛ ሰባኪዎች የወንጌልን ኃይል በቦምብ መመሰላችንን እንተው። ዲናማይት የሚለውን ስም አልፍሬድ ኖቤል ከግሪኩ ቃል ያወጣው በ1867 ነው፤ ጳውሎስ ሮሜን ሲጽፍ ፈንጂ በአእምሮው አልነበረም። የእግዚአብሔር ኃይል ምን እንደሚመስል ግን በ1ኛ ቆሮንቶስ 1 ነግሮናል። የተሰቀለው ክርስቶስ ነው። ቦምብ ሌላውን ይገድላል፤ ክርስቶስ ለሌላው ሞተ። እነዚህን ሁለት በአንድ ቃል መጥራት የስብከት ማጣፈጫ አይደለም፤ ስሕተት ነው። እኔ አድርጌዋለሁ፤ ከዚያ ኮንፈረንስ የነበራችሁ ካላችሁ ይቅርታ እጠይቃችኋለሁ።

ሁለተኛ፣ በአሜሪካ ያላችሁ ወጣቶች ወደዚያ ቦታ ከሄዳችሁ ሐውልቱ ላይ አትጨርሱ። ቱላሮሳ ሩቅ አይደለችም። ሰዎቹን ጠይቁ፣ ስም ስሙ፣ ስሙን ይዛችሁ ተመለሱና በጸሎት ጊዜ ጥሩት። ጁላይ ላይ ሻማ ሲያበሩ አብራችኋቸው ቁሙ።

ሦስተኛ፣ እዚህ ያለን ደግሞ ከአያቶቻችን እንጀምር። በየአጥቢያችን የመርዙን ዘመን ከአባቶቻቸው የሰሙ አረጋውያን ከቀን ወደ ቀን እየቀነሱ ነው። በኢያሱ 4 ከዮርዳኖስ የተወሰዱት 12 ድንጋዮች የቆሙት ልጆች «ምንድር ናቸው?» ብለው እንዲጠይቁ ነው። የእኛ ልጆች የሚጠይቁት ካጡ ጥፋቱ የእኛ ነው። አንድ ቅዳሜ የኅብረቱን ፕሮግራም ለእነርሱ ስጡ፤ ቁጭ ብላችሁ ስሙ፤ ጻፉ።

አራተኛ፣ ከእንግዲህ የፍንዳታ ቪዲዮ ሲደርሳችሁ ጣታችሁ ምልክት ላይ ከመድረሱ በፊት የእኚያን አባት ጥያቄ ጠይቁ።

እኔም ያን ዕለት አስተያየት ጻፍኩ። ከ47ቱ አሜን በታች «ወንድሜ፣ ከሥሩ ማን ነበረ?» ብቻ አልኩ። ገጹ ዝም አለ። አንድ ሰው ወዲያው የመዝሙር ቪዲዮ ለጥፎ ነገሩን አስቀየረው። ከሁለት ቀን በኋላ ግን ያ ወንድማችን ለብቻዬ ጻፈልኝ፤ «መምህር፣ በሩ አጠገብ ጽሑፍ የያዙ ሰዎች ነበሩ። ሰልፈኞች መስለውኝ ሳላነብ አለፍኳቸው። በሚቀጥለው ጊዜ ከመኪና እወርዳለሁ።»